አልነሣ ያለው የጓሮ ማረሻ ሞተር

በቤተ ሰብ ገጽ ላይ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ማጀት ንጽሕና መጻፍ የተለመደ ነው። ዛሬ ግን በብዙ ግቢ ጥግ በጆንያ ተሸፍኖ ስለሚተኛው ስለ አሮጌ ሞተር ጥቂት ነገር ልንነግራችሁ አሰብን። ይህ የመካኒክ ነገር ነው እንጂ የቤተ ሰብ ነገር አይደለም የሚል አንባቢ ቢኖር፤ ባለፈው ግንቦት በነቀምቴ ከተማ፣ በከኒሳ ቀሴ በሚባለው ሰፈር ያየነውን እስኪሰማ ድረስ ፍርዱን እንዲያቆይልን እንለምነዋለን።

ነቀምቴ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፤ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በከኒሳ ማለት በኦሮምኛ ቋንቋ እኛ ብሳና የምንለው ዛፍ ስም ነው። አገሩ ዝናም የማይጎድለው፤ በቆሎና ቡና የሚበዛበት፤ በከተማው ዳር ያለ ቤት ሁሉ ከጓሮው ጥቂት መሬት የማያጣበት ነው። ግንቦት ገብቶ ዝናሙ ከጠና በኋላ በቆሎ ለመዝራት የሚቀረው ቀን በጣት የሚቈጠር ስለ ሆነ፤ መሬቱን ያላረሰ ሰው በዚያ ወራት እንቅልፍ የለውም።

እኛ በእንግድነት ባረፍንበት ቤት አጠገብ ከጥዋት ጀምሮ ገመድ ሲሳብና ሲለቀቅ እንሰማ ነበር። ገመዱ ይሳባል፤ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ይተነፍስና ዝም ይላል፤ እንደ ገና ይሳባል። እስከ እኩለ ቀን ድረስ ይህ ድምፅ ስላልቋረጠ፤ ነገሩ ምን እንደ ሆነ ለማየት ከቤቱ ጌታ ጋር አጥሩን ዞረን ገባን።

በግቢው ውስጥ ያገኘነው ከአዲስ አበባ መሥሪያ ቤቱ የዐሥር ቀን ፈቃድ ወስዶ የመጣ አንድ ጐልማሳ ነበረ። መዳፉ በገመዱ ተልጦ በጨርቅ ጠቅልሎታል። በፊቱ የቆመው ባለ ሁለት ጎማ፣ ሰው ከኋላ ሆኖ እጀታውን ይዞ እየተከተለ የሚነዳው፣ ለአትክልትና ለጓሮ እርሻ የሚሆን ትንሽ ትራክተር ነው። መኪናውን የገዙት ከሦስት ዓመት በፊት ያረፉት አባቱ ሲሆኑ፤ ከአገር ከሚወጣ አንድ የውጭ አገር ሰው እጅ በአሮጌነቱ ገዝተው ብዙ ዘመን ሠርተውበታል። እሳቸው በሕይወት ሳሉ ሌላ ሰው እንዲነካው አይፈቅዱም ነበርና፤ ልጁ ድምፁን እንጂ ጠባዩን አያውቅም።

እመቤቲቱ፣ ማለት የጐልማሳው እናት፣ በበረንዳው ላይ ተቀምጠው ነገሩን ያያሉ። የቤቱ በሬዎች ባልዮው ካረፉ በኋላ ተሸጠዋል። መሬቱ ሁለት ጥማድ ያህል ነው፤ ጎረቤቶቹ ሁሉ ዘርተዋል፤ የሚከራይ በሬም በዚያ ሳምንት በብዙ ልመና እንጂ አይገኝም። ስለዚህ እመቤቲቱ አሮጌ ብረት ከሚገዛው ከቁራሌው ጋር ተነጋግረው፤ ቅዳሜ መጥቶ ማረሻውን እንዲወስድ፤ በዚያም ገንዘብ በሬ እንዲከራዩ ቈርጠው ነበር። ልጁ ደግሞ የአባቱን መኪና በኪሎ መዝኖ መስጠት አልሆነለትም። «ሃርሜ፤ እስከ ቅዳሜ ድረስ ብቻ ተዪልኝ» ብሎ እናቱን ለምኖ ነበር። ሃርሜ ማለት በአገሩ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው። እኛ የገባነው ሐሙስ ቀን ነው።

ከእኛ በፊት ሦስት ሰዎች ሞተሩን እንዳዩት ጐልማሳው ነገረን። አንደኛው ካንዴላውን ለወጠ። ሁለተኛው በካንዴላው ቀዳዳ ቤንዚን አፈሰሰ፤ ይህም ሲሊንደሩን አጥቦ ዘይቱን ከማስለቀቁ በላይ ያስገኘው ጥቅም የለም። ሦስተኛው ካርቡራተሩ ሞቷል፤ አዲስ ካልተገዛ ተስፋ የለውም ብሎ ሄደ። ሦስቱም ካንዴላውን አውጥተው ገመዱን ሲስቡ እሳት ማየታቸውን መስክረዋል። አንዱ የነካውን ሌላው ስላላወቀ፤ በመጨረሻ የቱ ከጥንቱ የነበረ ጥፋት፣ የቱ ከኋላ የመጣ ጥፋት እንደ ሆነ የሚለይ ሰው አልነበረም። የብዙ አሮጌ ሞተር ሞት በእርጅና ሳይሆን በዚህ ዐይነት መሆኑን ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሰው ሰምተናል።

የቤቱ ጌታ በዚሁ ሰፈር የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አስጠሩ። እኒህ ሰው በደርግ ዘመን በአንገር ጉትን የመንግሥት እርሻ ትራክተር ሲጠግኑ የቆዩ ናቸው። ሽማግሌው ሲመጡ የሳቡት ገመድ፣ የፈቱትም ብሎን አልነበረም። በመጀመሪያ በበረንዳው ላይ ለቡና የተያያዘው ከሰል ወደ ጓዳ እንዲገባና ልጆቹ ከአጠገባቸው እንዲርቁ አዘዙ፤ የቤንዚን ተን ከአየር ይልቅ ከባድ ስለ ሆነ፤ በመሬት ላይ እየተሳበ ሩቅ ካለ እሳት ደርሶ ይያያዛልና። ቀጥለውም በርጩማ ላይ ተቀምጠው፤ «መጨረሻ የሠራው መቼ ነው? ከዚያ ወዲህስ ማን ማን ነካው? ምን ምን ፈታ?» እያሉ ጠየቁ። ጐልማሳው ሲመልስ ሳለ እመቤቲቱ ወደ ጎተራው ገብተው አንድ አሮጌ የተማሪ ደብተር ይዘው ወጡ። ባልዮው ዘይት የለወጡበትን ቀን፣ ካንዴላ የጠረጉበትን ቀን፣ የክፍተቶቹንም ልክ በእጃቸው ጽፈውበታል። ሽማግሌው ደብተሩን ተቀብለው ብዙ ጊዜ ዝም ብለው አነበቡት፤ በኋላም «አዴ፤ ይህ ደብተር ባይኖር ዛሬ ግማሽ ቀን እናጠፋ ነበር» አሏቸው። አዴ ማለት በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ያለ የክብር ስም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ሞተሩ አሠራር ጥቂት ማስረዳት ያስፈልገናል። ሞተሩ ብሪግስ ኤንድ ስትራተን የሚባለው፣ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. በአሜሪካ በሚልዋኪ ከተማ የተቋቋመው ኩባንያ የሠራው ባለ አንድ ሲሊንደር፣ የ5 ፈረስ ጉልበት ያለው የቤንዚን ሞተር ነው። እንዲህ ያለው ሞተር የሚፈልገው ሦስት ነገር ነው። ይኸውም፤ በልኩ የተደባለቀ ቤንዚንና አየር፤ ያንን ድብልቅ አጥብቆ የሚያምቅ ሲሊንደር፤ የታመቀውንም የሚያቃጥል ብርቱ እሳት ነው። ከሦስቱ አንዱ ከጐደለ ሰው ቀኑን ሙሉ ገመድ ቢስብ ድካም ነው እንጂ ሌላ አያገኝም። በአገራችን ለትንሽ ማሳ እንዲሆኑ ከ2005 ዓ.ም. ጀምሮ በምርምር ሲሞከሩ የቆዩት ባለ ሁለት ጎማ ትራክተሮች አብዛኞቹ የናፍጣ ስለ ሆኑ ካንዴላ የላቸውም፤ ናፍጣው የሚቃጠለው አየሩ ሲታመቅ በሚያገኘው ትኵሳት ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለ እሳት የምንናገረው ለቤንዚን ሞተር ብቻ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ሽማግሌው የጀመሩት ከቤንዚኑ ነው። ከሰርባቶዮው ጥቂት ቤንዚን በብርጭቆ ቀድተው ወደ ብርሃን አነሡት። ከሥሩ እንደ ዕንቍ የሚንከባለሉ የውሃ ጠብታዎች ታዩ፤ ሽታውም የቤንዚን ሳይሆን የቀለም ቤት ሽታ ነበር። ከውሃው በላይ ያለው ግማሹ ከሦስት ዓመት በፊት የቀረ፣ ግማሹ ጐልማሳው ሰሞኑን ከመንገድ ዳር በላስቲክ ጠርሙስ ከሚሸጡ ሰዎች የገዛው ነው። ቤንዚን ተቀምጦ ሲቈይ ቶሎ የሚቀጣጠለው ክፍሉ ይተናል፤ የሚቀረውም እየወፈረ ሄዶ እንደ ሙጫ ይሆናል። የሞተር ሠሪዎች ከአንድ ወር በላይ የሚቀመጥ መኪና ቤንዚኑ እንዲቀዳ የሚመክሩት ስለዚህ ነው።

በዚህ አጋጣሚ ወለጋን የሚነካ አንድ ነገር እናንሣ። በ1991 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ በዚሁ በወለጋ ምድር፣ በሆሮ ጉዱሩ የሚገኝ ሲሆን፤ ከስኳሩ ተረፈ ምርት ኤታኖል የሚባል አልኮል ያወጣል። ይህም አልኮል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በመቶ 5፣ ኋላም በመቶ 10 እየሆነ በአዲስ አበባ ከሚሸጠው ቤንዚን ጋር ሲደባለቅ ነበር። ለመንግሥት የውጭ ምንዛሪ ማትረፉ እውነት ነው፤ በየቀኑ ለሚነዳ አውቶሞቢልም ጉዳት የለውም። ነገር ግን አልኮል ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ ስላለው፤ በአሮጌ ሞተር ካርቡራተር ውስጥ ለወራት ሲተኛ ውሃ ይሰበስባል፤ የጥንቱንም የጎማ ክፍሎች ያላላል። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጥ መኪና እንዲህ ያለውን ቤንዚን በውስጡ መተው አይገባም።

ሰርባቶዮው ተቀድቶ ታጠበ። በክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ተርብ ጭቃ አምጥታ ደፍናታለች። ይህች ቀዳዳ የተደፈነች እንደ ሆነ ሞተሩ ተነሥቶ ጥቂት ደቂቃ ከሠራ በኋላ ቤንዚን መውረዱን ስለሚተው ቀጥ ይላል፤ ሰውም ሳያውቅ ካርቡራተሩን ይሰድባል። ከዚህ በኋላ ሞቷል የተባለው ካርቡራተር ተፈትቶ በላምባ ታጠበ። ከውስጡ እንደ ማር የተጋገረ ነገር ወጣ፤ ነገር ግን አንድም የተሰበረ ዕቃ አልነበረበትም። ቤንዚን የምታሳልፈዋን ቀጭን ቀዳዳ ጐልማሳው በሽቦ ሊከፍታት ሲል ሽማግሌው እጁን ይዘው ከለከሉት። ቀዳዳዋ በልክ የተበሳች ናትና፤ ሽቦ ከፋቃት ከዚያ በኋላ የምታሳልፈው ቤንዚን ልክ አይኖረውም። የፈረስ ጭራ ጠጕር አስመጥተው በእርሱ አጸዷት። ይህን ብልሃት በሌላ ስፍራ አላየነውም።

ካንዴላው ሲወጣ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጠቍሮ ነበር። ለዚህ አንዱ ምክንያት የአገሩ ከፍታ ነው። በነቀምቴ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳር ካለው ወደ አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ካርቡራተሩ ግን ለቈላ አገር የተለካውን ቤንዚን እንደዚያው ይሰጣል፤ ስለዚህ ቤንዚኑ በዝቶ፣ አየሩ አንሶ፣ ካንዴላው በጥላሸት ይታፈናል። የሞተሩም ጉልበት በየ300 ሜትሩ ከመቶ 3 ያህል ስለሚቀንስ፤ 5 ፈረስ ጉልበት ተብሎ የተገዛው ሞተር በነቀምቴ ከ4 ብዙም አይበልጥም። በእንዲህ ያለ አሮጌ ካርቡራተር ላይ የቤንዚኑን ልክ የምታስተካክል መርፌ ያላት ብሎን አለች፤ እርስዋን በጥቂት በጥቂቱ፣ ከዙሩ ስምንተኛውን ያህል ብቻ፣ ወደ ውስጥ እያጠበቁ መሞከር ይገባል። ሰው ከቈላ አገር ደኅና ሲሠራ የነበረ ሞተር ወደ ደጋ አምጥቶ ተበላሸብኝ ሲል የሚሰማው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሣ ነው።

እመቃውን ለማወቅ ብዙ ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቮላኖውን፣ ማለት በሞተሩ ራስ ላይ ያለውን ከባድ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ወደ ኋላ አዙረው ሲለቁት እንደ ተወጠረ ቀስት ተፈናጥሮ ተመለሰ። ሲሊንደሩም ቫልቮላውም ደኅና ናቸው ማለት ነው።

እንግዲህ ቤንዚኑ ተስተካከለ፤ እመቃውም ተገኘ፤ እሳቱንም ሦስት ሰዎች አይተውታል። ጐልማሳው ደስ ብሎት ገመዱን ሳበ፤ ሞተሩ እንደ ጥንቱ ሁለት ጊዜ ተንፍሶ ዝም አለ። ዐሥር ጊዜ ሳበ፤ ዝም። በዚህ ጊዜ እመቤቲቱ ከበረንዳው ተነሥተው፤ «ልጄ፤ ይበቃል። አባትህም ቢሆን ለብረት ብሎ ዘር የሚያሳልፍ ሰው አልነበረም» ብለው ወደ ቤት ገቡ። ግቢውን ዝምታ ያዘው። እኛም ለመሄድ ተነሥተን ነበር።

ሽማግሌው ግን ከዕቃ ከረጢታቸው አንድ አሮጌ ካንዴላ አወጡ። የጎን ጥርሱን በፒንሳ አጥፈው ከመካከለኛው እንዲርቅ አድርገውታል፤ ክፍተቱ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል፤ በደኅናው ካንዴላ ላይ ግን ክፍተቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ይህንን ካንዴላ ከሽቦው ጋር አገናኝተው፣ ከቤንዚኑ አርቀው፣ በሞተሩ ብረት ላይ አስደግፈው፤ ጐልማሳውን ሳብ አሉት። አንዳችም እሳት አልዘለለም። ደኅናውን ካንዴላ በስፍራው ተክተው ቢያስቡት፤ ቢጫ ቀለም ያላት ደካማ እሳት ታየች። ከዚያ በኋላ የተናገሩት ቃል እንዲህ የሚል ነው፤ «ሦስቱ ሰዎች አልዋሹም፤ እሳት አይተዋል። ነገር ግን እሳት በውጭ አየር ላይ መዝለሉ ቀላል ነገር ነው። በሲሊንደሩ ውስጥ በታመቀው አየር መካከል መዝለል ግን ብርቱ ኃይል ይፈልጋል። በውጭ የምትታየው ይህች ቢጫ እሳት በውስጥ ትሞታለች፤ በውስጥ ደግሞ የሚያያት ሰው የለም።»

የሞተሩን ማጥፊያ ሽቦ ነቅለው እንደ ገና ሞከሩ፤ ይህ ሽቦ ልባሱ ተፍቆ ብረት የነካ እንደ ሆነ እሳቱን ስለሚያጠፋ፤ መጀመሪያ እርሱን መርምሮ ማለፍ ይገባል። ለውጥ አልነበረም። ስለዚህ ወደ ቮላኖው ሄዱ። ዳዶውን ለመፍታት ቺያቤውን ሲያስገቡ በአንድ እጅ ጉልበት ብቻ ተፈታ። ሽማግሌው ቀና ብለው ጐልማሳውን ተመለከቱት። «ይህንን ማን ፈቶት ነበር?» አሉት። እርሱም ጥቂት አስቦ፤ ባለፈው ዓመት አንድ የዘመድ ልጅ ፑንቲናውን አጸዳለሁ ብሎ መፍታቱን፤ ልክ የሆነ ቺያቤ ስላጣም በፒንሳ አጥብቆ መዝጋቱን አስታወሰ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሞተሩ ተነሥቶ አያውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቮላኖው ላይ ማግኔት አለ፤ ሞተሩ ሲዞር ማግኔቱ በቦቢናው አጠገብ ያልፋል፤ በዚያው ቅጽበት ፑንቲናው ሲከፈት ብርቱ እሳት ይወለዳል። ቮላኖው ከስፍራው እንዳይንሸራተት በዘንጉና በእርሱ መካከል የጣት ጥፍር የማታህል የብረት ሽብልቅ ትገባለች። ዳዶው ላልቶ ስለ ነበረ ቮላኖው ተንሸራትቶ ይህችን ሽብልቅ ግማሹን ቈርጧታል፤ ማግኔቱም ፑንቲናው በሚከፈትበት ጊዜ በስፍራው አይገኝም። ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ነው የሳተው። ለዚህ ሁለት ሚሊ ሜትር ነው ማረሻው በኪሎ ሊመዘን የነበረው።

ፑንቲናውም ራሱ ሦስት ክረምት በእርጥብ ጎተራ ስላደረ ፊቱ ሻግቶ ነበር። በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በቀስታ ፈተጉት፤ ከዚያም ንጹሕ ነጭ ወረቀት በመካከሉ አስገብተው ደጋግመው ሳቡት፤ የብርጭቆው ደቃቅ የቀረ እንደ ሆነ ኤሌክትሪኩን ይከለክላልና። ክፍተቱን በደብተሩ ላይ እንደ ተጻፈው ግማሽ ሚሊ ሜትር አደረጉት። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር፤ ይህ ኩባንያ በፈረንጆች አቈጣጠር ከ1982 ዓ.ም. ጀምሮ ፑንቲና የሌለው የእሳት አሰጣጥ ስላወጣ፤ ከዚያ በኋላ የተሠራ ሞተር ያለው ሰው ይህን ክፍል ፈልጎ እንዳይደክም።

ሽብልቋን ለመተካት ክርክር ተነሣ። ጐልማሳው ከምስማር ብረት ቈርጦ ጠንካራ ሽብልቅ እንዲሠራ አሳብ አቀረበ፤ ድጋሚ እንዳትቈረጥ ብሎ። እኛም በልባችን አሳቡን ደግፈን ነበር፤ ሽማግሌው ግን አጥብቀው እምቢ አሉ። ሽብልቋ ለስላሳ የሆነችው በስሕተት ሳይሆን ሆን ተብሎ ነው፤ ማረሻው በድንገት ከድንጋይ ወይም ከጕቶ ጋር ሲጋጭ እርስዋ ተቈርጣ ዘንጉን ታድነዋለች። ሽብልቋ ብትጠነክር ዘንጉ ይጣመማል፤ የተጣመመ ዘንግ ያለው ሞተር ደግሞ በእውነት ለቁራሌው የሚገባ ነው። ዋናውን ዕቃ በዚያ ቀን በገበያው ስላላገኙት፤ ከተሰበረ የአሉሚንየም መስኮት ጠርዝ ቍራሽ ወስደው በሞረድ እየሞረዱ ልኳን እስክትይዝ ድረስ አንድ ሰዓት ተቀመጡ። ዋናው ዕቃ ሲገኝ እንዲለወጥም ለጐልማሳው አስጠነቀቁት። ቮላኖውንና ዘንጉን ከዘይት አጽድተው፣ ዳዶውን በልኩ ቺያቤ አጥብቀው ዘጉ። ያ የጎን ጥርሱ የራቀው ካንዴላ ዳግመኛ ተሞከረ፤ በዚህ ጊዜ ሰማያዊ እሳት ጠሽ እያለ ዘለለ።

(እግረ መንገዳችንን፤ ካንዴላ ማለት በኢጣልያ ቋንቋ ሻማ ማለት ነው፤ ቺያቤም ቍልፍ ማለት ነው፤ ካቻቢቴና ፒንሳም ከዚያው ቋንቋ የወረስናቸው ናቸው። ባለ ጋራዦቻችን እነዚህን ቃላት እንደ አባት ቋንቋ ይዘዋቸዋል፤ ሽማግሌውም በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል ሲጠቀሙባቸው አንዱ ከአንዱ እንደ ተዋሰ ልብ የሚል አልነበረም።)

ንጹሕ ቤንዚን ከማደያ መጥቶ ተሞላ። ጐልማሳው አየር መዝጊያውን ስቦ፣ በተላጠው መዳፉ ገመዱን ያዘ። በሁለተኛው ሲስብ ሞተሩ አጕረመረመ፤ ነጭ ጭስ ተፋ፤ ከዚያም አየር መዝጊያው ሲከፈትለት ድምፁ ጠርቶ ግቢውን ሞላው። እመቤቲቱ ከጓዳ ወጥተው በበሩ መቃን ተደግፈው ቆሙ። ከሦስት ዓመት በፊት በየጥዋቱ የሚሰሙት ድምፅ ነበርና፤ ለጥቂት ጊዜ ነጠላቸውን በፊታቸው ላይ አድርገው ቈዩ። ሽማግሌውም ጭሱ በቤት ውስጥ እንዳይገባ መኪናውን ወደ ሜዳው አስወጡት፤ የሞተር ጭስ በተዘጋ ጎተራ ውስጥ ሽታው ሳይታወቅ ሰው የሚገድል መርዝ አለበትና፤ በክረምት ዝናም ቢመታን ይሻላል እያሉ ሞተር በቤት ውስጥ የሚያስነሡ ሰዎች ይህንን ልብ ሊሉት ይገባል።

እመቤቲቱ ነጠላቸውን ካስተካከሉ በኋላ የተናገሩት ያልጠበቅነውን ነገር ነው። ልጃቸውን «አጥፋው» አሉት። እርሱም ደንግጦ አጠፋው። «ኦቦ፤ እርስዎ ደግሞ እዚህ ከእኔ ጋር ይቀመጡና ቡናዎን ይጠጡ» አሏቸው ለሽማግሌው። ወደ ልጃቸውም ዞረው፤ «ነገ እኒህ ሰው እዚህ የሉም፤ አባትህም የለም። ብቻህን አስነሣው» አሉት። ጐልማሳው የቤንዚኑን መክፈቻ ከፈተ፤ አየሩን ዘጋ፤ ሳበ። አልተነሣም። አየሩን እንደ ዘጋ ደጋግሞ መሳብ ካንዴላውን በቤንዚን እንደሚያርሰው ተነግሮት ነበርና፤ አየሩን ጥቂት ከፍቶ እንደ ገና ሳበ። በሦስተኛው ተነሣ። ሽማግሌው ስኒያቸውን ሳያስቀምጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ዐርብ ዕለት ከጥዋት እስከ ማታ መሬቱ ታረሰ፤ ቅዳሜ ተደግሞ ዘሩ ገባ። ድንጋይ ባለበት ስፍራ ሁለት ጊዜ ቆሟል፤ ሽብልቋ ግን አልተቈረጠችም። ማታ ላይ ጐልማሳው ለሚቀጥለው ጊዜ ይሆናል ብሎ ሰርባቶዮውን ሞልቶ ሊያስቀምጥ ሲል፤ ሽማግሌው ያለውን ሁሉ አስቀድተው፤ በካርቡራተሩ ውስጥ የቀረው እስኪያልቅ ድረስ ሞተሩን አሠርተው አጠፉት። ካንዴላው ተነቅሎ በቀዳዳው አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ገባ፤ ዘይቱ እንዲዳረስም ገመዱ ቀስ ብሎ ሁለት ጊዜ ተሳበ፤ ካንዴላውም ተመልሶ ገባ። የክዳኑ ቀዳዳ ተርብ እንዳትገባበት በስስ ጨርቅ ታሰረ። መኪናውም እንደ በፊቱ በጎተራው መሬት ላይ ሳይሆን በሁለት ግንድ ላይ ከፍ ብሎ ተቀመጠ። ሽማግሌው የድካማቸውን ዋጋ ተቀብለው ሄዱ።

ጐልማሳው ደብተሩን አምጥቶ ከአባቱ የመጨረሻ ጽሕፈት ቀጥሎ ቀኑንና የተሠራውን ሁሉ ጻፈ፤ እመቤቲቱም የዘመዱ ልጅ በፒንሳ አጥብቆት ነበር የሚለውን ቃል እንዲሰርዝ አደረጉት፤ ልጁ ደብተሩን አይቶ እንዳያፍር ብለው።

ቁራሌው በቀጠሮው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ነበር። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የሞተሩን ድምፅ ሲሰማ ጥቂት ቆመ፤ ከዚያም ባዶ እጁን እንዳይመለስ እመቤቲቱ አንድ የተቀደደ ብረት ምጣድና ሦስት ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ሸጡለት።